ባለቤትና ተቋራጭ ለምን ይካሰሳሉ?

ቤት ከመሥራትዎ በፊት ስለ ውልና ስለ ሕግ ማወቅ የሚገባዎ ነገር

ከሐዋሳ መነኻሪያ ተነሥተው ወደ ታቦር ተራራ፥ ወይም ወደ ዳቶ፥ ወይም በቱላ መንገድ ጥቂት ቢራመዱ በየሠፈሩ አንድ ዓይነት ነገር ያያሉ። ብሎኬቱ እስከ መስኮት ደርሶ የቆመ ግድግዳ፤ ወደ ሰማይ የተቀሰሩ የዛጉ ፌሮዎች፤ ጎርፍ የበላው የአሸዋ ክምር፤ ከአጠገቡም በቆርቆሮ ጎጆ የተቀመጠ አንድ ዘበኛ። መንገደኛው «ገንዘብ አጥሮት ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ግምቱም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ነገር ግን ከነዚህ ጅምር ቤቶች መካከል ገንዘብ አጥሮ ሳይሆን ጠብ ተነሥቶ የቆሙ አሉ። ባለቤቱ በአንድ ወገን፥ ተቋራጩ በሌላ ወገን ሆነው በፍርድ ቤት ቀጠሮ ይመላለሳሉ፤ ቤቱን ግን ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል።

እርስዎ ምናልባት ገና ተማሪ ነዎት፤ ወይም በቅርቡ የመንግሥት ሥራ ይዘው ከደመወዝዎ ግማሹን ለቤት ኪራይ የሚከፍሉ ነዎት። «ቤት የሌለኝ ሰው ስለ ቤት ክርክር ማወቅ ምን ይጠቅመኛል?» ይሉ ይሆናል። ይህንን ጽሑፍ ለእርስዎ ማቅረቤ ግን በምክንያት ነው። አንድ መምህር ወይም አንድ ጸሐፊ በዕድሜው ብዙ ውሎች ይዋዋላል፤ የኪራይ ውል፥ የዕቁብ ውል፥ የብድር ውል። ከነዚህ ሁሉ ግን እንደ ቤት ሥራ ውል ያለ ከባድ ውል የለም። የአሥርና የዐሥራ አምስት ዓመት ቁጠባ፥ ከመሥሪያ ቤት ማኅበር የተወሰደ ብድር፥ ከወንድም ከእኅት የተለመነ ገንዘብ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይፈረማል። ያንን ወረቀት ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርመዋል። እንዲያውም ብዙ ሰው ወረቀቱም የለውም።

ከተማዋና ሕጉ እኩዮች ናቸው

ሐዋሳ በዕድሜዋ ገና ወጣት ከተማ ናት። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሚያስደንቀው ግጥምጥሞሽ፥ ባለቤትና ተቋራጭ ዛሬም የሚዳኙበት የፍትሐ ብሔር ሕግ የታወጀው በዚያው በ1952 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን መሆኑ ነው። በሥራ ላይ የዋለውም በተከታዩ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሐዋሳ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር፥ ቀጥሎም የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ከግለሰብ ወደ መንግሥት ተዛውሯል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ክፍል ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። የትናንቱ ሕግ የዛሬውን ቤት ይዳኛል ማለት ነው።

የተለወጠው ቤቱ ነው። ድሮ በብዙው ሠፈር የሚሠራው ቤት የጭቃ ቤት ነበር። እንጨቱ ይቆማል፥ ጭቃው ይቦካል፥ ጭድ ይገባበታል፥ ጎረቤት ያግዛል፥ ቆርቆሮ ይመታል። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ባለቤቱ ራሱ በሚቀጥለው በጋ ይመርገዋል። ጥፋቱ በዐይን ይታያል፤ በእጅም ይጠገናል። የዛሬው ቤት ግን የአርማታ ቤት ነው። በኮለኑ ውስጥ ስንት ፌሮ እንደገባ፥ ስታፋው በስንት ሳንቲ ሜትር እንደታሰረ፥ አርማታው ስንት እጅ ሲሚንቶ እንዳለው፥ ካሳፎርማው ከተነሣና ልስኑ ካለፈ በኋላ ባለቤቱ ሊያይ አይችልም። ባለቤቱ የሚገዛው የማያየውን ነገር ነው። እንግዲህ ሰው የማያየውን ነገር ሲገዛ መታመኛው ሁለት ብቻ ነው፤ የሠሪው ሕሊና እና የውሉ ቃል።

ተቋራጭ ማን ነው?

በከተማችን መለኪያ ሜትር የያዘ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይባላል። ጥሩ ግንበኛም ኢንጂነር ነው፤ ፌራዮውም አንዳንድ ጊዜ ኢንጂነር ነው። በሕግ ዓይን ግን ልዩነት አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2610 እንደሚለው ተቋራጭ ማለት ዋጋ ተቀብሎ፥ በራሱ ኀላፊነት፥ አንድን ውጤት ለማስገኘት ግዴታ የገባ ሰው ነው። ዋናው ቃል «ውጤት» የሚለው ነው። የቀን ሠራተኛ ጊዜውንና ጉልበቱን ይሸጣል፤ ማታ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል። ተቋራጭ ግን የሚሸጠው ያለቀ ሥራ ነው። ስለዚህ «እኔ ብዙ ደክሜአለሁ» ማለት ብቻውን አያድነውም። ቤቱ እንደ ውሉ ቆሟል ወይስ አልቆመም? ጥያቄው ይኸው ነው።

ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል። መጀመሪያ፥ የሚዋዋሉት ሰው በእርግጥ ማን እንደሆነ ይወቁ። ፈቃዱ በአንድ ሰው ስም ሆኖ ሥራውን ሌላ ሰው የሚሠራበት ጊዜ አለ። ጠብ ሲነሣ ፈቃድ ያለው «እኔ ቤቱን አይቼውም አላውቅ» ይላል፤ የሠራውም «እኔ ተቀጣሪ ነኝ» ይላል። ስለዚህ ፈቃዱን፥ መታወቂያውንና ፊርማውን አስተያይተው በአንድ ስም መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሁለተኛ፥ በከተማችን እንደተለመደው ዕቃውን ራስዎ እየገዙ ግንበኛውን «በእጅ ዋጋ» ብቻ ካሠሩ፥ ርካሽ ቢመስልም ጥፋቱ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ግንበኛው «ሲሚንቶው የቆየ ነበር፥ አሸዋው አፈር ነበረው» ይላል። ዕቃውን ያቀረቡት እርስዎ ነዎትና ክርክሩ ወደ እርስዎ ይዞራል። በእጅ ዋጋ ማሠራት ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን ዕቃው በቀረበ ቁጥር ግንበኛው አይቶ መቀበሉን በአንድ ደብተር ያስፈርሙት።

መምህሩና ኢንጂነሩ

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ይባላልና አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ የሐዋሳ መምህር በማኅበር ባገኘው ቦታ ላይ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለማሠራት ከአንድ ተቋራጭ ጋር ይዋዋላል እንበል። ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር ነው። ውሉ ግማሽ ገጽ ነው፤ «ቤቱን በጥሩ ሁኔታ ሠርቼ በስድስት ወር አስረክባለሁ» ይላል። መምህሩ ግማሹን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ይከፍላል።

በሦስተኛው ወር ተቋራጩ ይመጣል። «መምህር፥ ሲሚንቶ ጨምሯል፤ ፌሮማ አይነካም። በዚህ ዋጋ አልችልም» ይላል። መምህሩ ደንግጦ «ኢንጂነር፥ ተዋውለናል እኮ!» ይላል። በአራተኛው ወር የመምህሩ ቤተሰብ ማድ ቤቱ ወደ ጓሮ እንዲዞር በቃል ይጠይቃሉ፤ ተቋራጩም «ችግር የለም» ብሎ ያዞረዋል። በአምስተኛው ወር ለዚሁ 150 ሺህ ብር ይጠይቃል። በስድስተኛው ወር ቤቱ አላለቀም። በሰባተኛው ወር ከበሩ በላይ ያለው ቢም ይሰነጠቃል። በስምንተኛው ወር ተቋራጩ ስልክ አያነሣም። እነሆ፥ አንድ ቤት አራት ክርክር ወለደ።

የመጀመሪያው የዋጋ ክርክር ነው። ብዙ ሰው የዕቃ ዋጋ ከጨመረ ውሉ በራሱ የሚፈርስ ይመስለዋል። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በቁጥር 1731 መሠረት በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ያህል ያስገድዳል። ቁጥር 1764 ደግሞ ሁኔታው ተለውጦ የአንዱ ግዴታ ካሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ከዚህም በላይ ቁጥር 1794፥ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ዋጋ መጨመርን፥ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፥ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አድርጎ አይቆጥረውም። እንግዲህ ተቋራጩ ዋጋ እንዲሻሻልለት ከፈለገ በመጀመሪያው ቀን በውሉ ማስገባት ነበረበት ማለት ነው። ይህ ለባለቤቱ ደስ የሚያሰኝ ይመስላል። ነገር ግን ያስተውሉ፤ በኪሳራ የሚሠራ ተቋራጭ ከሲሚንቶው ይቀንሳል እንጂ ከቤተሰቡ ጉሮሮ አይቀንስም። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ዋጋው በምን ያህል ሲጨምር ማን ምን ያህል እንደሚሸከም አስቀድሞ መጻፍ ነው።

ሁለተኛው የተጨማሪ ሥራ ክርክር ነው። ማድ ቤቱ በቃል ዞረ፤ ዋጋውም በቃል ቀረ። ተቋራጩ «አዝዘኸኛል» ይላል፤ መምህሩ «በዚያው ዋጋ መስሎኝ ነበር» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ለዚህ ነው። ማንኛውም ለውጥ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሥራው፥ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን ተጽፎ ሁለቱም ሳይፈርሙ መሠራት የለበትም።

ሦስተኛው የመዘግየት ክርክር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባለቤት የሚሳሳተው በዝምታ ነው። ሲቈጣ ይከርማል፥ በስልክ ይጣላል፥ በመጨረሻም ሌላ ሠራተኛ አምጥቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሕጉ ግን በቁጥር 1772 አንድ ሰው ውል አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመክሰሱ በፊት ሌላውን ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ መጠየቅ እንዳለበት ያዝዛል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ጊዜያት አሉ፤ ለምሳሌ ተቋራጩ አልሠራም ብሎ በጽሑፍ ካስታወቀ፥ ወይም ቀኑ ካለፈ ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ በውሉ ከተጻፈ። ከነዚህ ውጭ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ የተነሣ ክስ መሠረት የሌለው ግድግዳ ነው። በአደራ ፖስታ ወይም ፈርሞ በሚቀበልበት መንገድ የተላከ፥ ተመጣጣኝ የሆነ ተጨማሪ ቀን የሚሰጥ አንድ ደብዳቤ፥ ከመቶ የስልክ ጥሪ ይበልጣል።

አራተኛው የጉድለት ክርክር ነው። ይህ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ለብቻው እንየው።

ዐሥር ዓመት የማይለቅ ዋስትና

ሠሪ ለሠራው ቤት ይጠየቅ የሚለው ሐሳብ እጅግ ያረጀ ነው። ከዛሬ 3,700 ዓመት ገደማ በፊት የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ በድንጋይ ባስቀረጸው ሕግ፥ ቤቱ ፈርሶ ባለቤቱን ከገደለ ሠሪው እንዲገደል፥ ንብረት ካጠፋ እንዲክስና ቤቱን በገንዘቡ መልሶ እንዲሠራ፥ ግድግዳው ካዘነበለም በራሱ ወጪ እንዲያጠናክር ታዝዞ ነበር። ያ ድንጋይ ዛሬ በፓሪስ ከተማ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። በ1804 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሞት ቅጣቱን ትቶ የዐሥር ዓመት ኀላፊነት አደረገው።

ያው ሐሳብ በእኛም ሕግ ቁጥር 3039 ተቀምጧል። ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለዐሥር ዓመት የሥራውን በሚገባ መከናወንና የሕንፃውን ጥንካሬ ዋስ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕንፃው በአሠራሩ ጉድለት ቢፈርስ ወይም ቢበላሽ ይጠየቃል። በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ጥፋቱ ቤቱ ከተሠራበት ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ቢሆንም ይጠየቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ቃል በመጨረሻ ያለው ነው። ይህንን ዐሥር ዓመት የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም።

አንባቢዬ፥ ይህንን ቁጥር በደብተርዎ ይጻፉት። በየውሉ ላይ «ተቋራጩ ካስረከበ በኋላ ለአንድ ዓመት ብቻ ይጠየቃል»፥ ወይም «ባለቤቱ አይቶ ከተረከበ በኋላ ጥያቄ አያነሣም» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። ባለቤቱ ያነበዋል፤ ይፈርማል፤ በሁለተኛው ዓመት ኮለኑ ሲሰነጠቅ «ፈርሜአለሁ፥ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ገንዘቡንም መብቱንም ያጣው ሕጉ ሳይረዳው ቀርቶ አይደለም፤ ሕጉ እንደሚረዳው ባለማወቁ ነው።

ይህ ዋስትና ለሐዋሳ ሰው ከሌላው ይልቅ የሚያስፈልግ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከተማችን የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። አፈሯ ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣ አመድና ቀላል ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ወደ ሐይቁ በቀረቡ ቁጥር ደግሞ ውኃው ከመሬት በታች ቅርብ ይሆናል። ሐይቁ ጥቁር ውኃን የመሰለ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ከተማዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናውጣ ነዋሪው ደንግጦ ከቤቱ ወጥቶ ነበር። በአገሪቱ የሕንፃ መመዘኛም አካባቢው የመንቀጥቀጥ ሥጋት ከፍ ካለባቸው ቀጠናዎች የሚቈጠር ነው። ስለዚህ እዚህ «መሬቱ ከዳኝ» የሚል ተቋራጭ ምክንያቱ አይቀበለውም። መሬቱን መመርመር የሥራው መጀመሪያ ነውና። ከስታፋው ሁለት ሳንቲም የሚያተርፍ ሰውም የሚጫወተው በገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚያ ቤት ውስጥ ሕፃናት ይተኛሉ።

አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ይህንን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ጎራ ብለው ኮለኑ እርጥብ መሆኑን በእጅዎ መንካት ይበቃል። ካሳፎርማው ሳይታሸግ በፊት የፌሮውን ፎቶግራፍ ማንሣትም እንዲሁ ቀላል ነው። ያ ፎቶግራፍ ከአምስት ዓመት በኋላ ከምስክር ሁሉ የበለጠ ምስክር ይሆንዎታል።

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

በመጀመሪያ ከውሉ በፊት ያለው ነገር ይሟላ። የቦታው ካርታ፥ የጸደቀው ፕላንና የግንባታ ፈቃድ ከእጅዎ ይግቡ። ያለ ፈቃድ የተጀመረ ቤት ባለቤቱንና ተቋራጩን ከማጣላቱ በፊት ሁለቱንም ከማዘጋጃ ቤት ጋር ያጣላል። ከዚያ በኋላ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በጽሑፍ እንዲሆን የተወሰነ ውል በተዋዋዮቹ ሊፈረምና ሁለት ምስክሮች ሊያረጋግጡት እንደሚገባ ሕጉ በቁጥር 1727 ያዝዛል። በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ቢያጸድቁት ደግሞ «ፊርማው የእኔ አይደለም» ከሚል ክርክር ይድናሉ።

በውሉም ውስጥ የሚከተሉት ይግለጹ።

አንደኛ፥ ሥራው። «በጥሩ ሁኔታ» የሚለው ቃል ለእርስዎ አንድ ነገር ነው፤ ለተቋራጩ ሌላ ነው፤ ለዳኛው ደግሞ ምንም አይደለም። የመሠረቱ ጥልቀት፥ የፌሮው ውፍረት፥ የብሎኬቱ ዓይነት፥ የበርና የመስኮቱ ብዛት በሥራና በዋጋ ዝርዝር ተጽፎ ከፕላኑ ጋር የውሉ አካል ይሁን።

ሁለተኛ፥ አከፋፈሉ። ገንዘብ ከሥራ አይቅደም። መሠረቱ ሲያልቅ፥ ኮለኑ ሲቆም፥ ጣራው ሲመታ እየተባለ በየደረጃው ይከፈል። በትልልቅ ሥራዎች እንደሚደረገው ከየክፍያው ጥቂት፥ ከመቶ አምስት ያህል፥ ለመያዣ ቀርቶ ጉድለቱ ከታረመ በኋላ ቢለቀቅ ሁለቱንም ያስተዛዝናል። ክፍያው ሁሉ በባንክ ይሁን። በጥሬ ገንዘብ ከሆነም ያለ ደረሰኝ አይስጡ።

ሦስተኛ፥ ስለ ቀብድ። ይህች ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገሯ ግን ብዙ ነው። በቁጥር 1885 መሠረት፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ከውሉ መውጣት ይችላል። ቀብድ የተቀበለም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። እንግዲህ ለዕቃ መግዣ የሚሰጡትን ገንዘብ በውሉ ላይ «ቀብድ» ብለው ከጻፉት፥ ሳያስቡት ለሁለታችሁም መውጫ በር ከፍታችኋል ማለት ነው። ሐሳብዎ ሥራውን ማስጀመር ብቻ ከሆነ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ።

አራተኛ፥ የመቀጫ ቃል። ተቋራጩ ቢዘገይ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚቀጣ ተዋዋዮቹ አስቀድመው መወሰን ይችላሉ፤ ይህንንም ሕጉ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ፈቅዷል። መቀጫ በውል ካለ ባለቤቱ ጉዳቱን በሳንቲም ቈጥሮ ለማስረዳት አይቸገርም።

አምስተኛ፥ ጠብ ሲነሣ ወደ ማን እንደሚኬድ። ይህንን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያልተሠራ ቤት የሚገዙ

እስካሁን የተናገርሁት በገዛ ቦታው ላይ ስለሚያሠራ ሰው ነው። ሌላም አለ። ይኸውም ቤቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ከኩባንያ የሚገዛው ነው። ለዚህ የአዲስ አበባው የአክሰስ ሪል እስቴት ነገር ታላቅ ትምህርት ነው። ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ቤት ገዢዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ቤታቸውን በጊዜው ሳያገኙ ቀሩ። ጉዳዩ ከግለሰብ ክስ አልፎ መንግሥትን ኮሚቴ እስከ ማቋቋም አድርሶ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል በውጭ አገር ሠርተው ያጠራቀሙ ኢትዮጵያውያንም ነበሩባቸው። የሚያሳዝነው፥ ብዙዎቹ የተጻፈ ውል ነበራቸው። ውል ብቻውን ቤት አይሆንም። የሚገዙት ኩባንያ ቦታው በስሙ መሆኑን፥ በባንክ አለመያዙን፥ ቀድሞ የጀመራቸውን ቤቶች መጨረሱን ሄደው በዐይንዎ ይዩ። ሐዋሳ በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኳ ከተመረቀ ወዲህ ቤት ፈላጊዋ በርክቷልና ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ጠቡ ሲነሣ

ጠብ ከተነሣ በኋላ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ነው። «ገንዘቤን በላ» ይላል። ፖሊስም ሰምቶ «ይህ የፍትሐ ብሔር ነገር ነው» ብሎ ሲመልሰው ሕግ የለም ብሎ ያማርራል። ውል አለመፈጸም ብቻውን ወንጀል አይደለም። ተቋራጩ ከመጀመሪያው ሊያታልል አስቦ በሐሰት ፈቃድ ወይም በሐሰት ስም ገንዘብ ከወሰደ ግን ነገሩ የማታለል ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት ጊዜ ያድናል።

ቀጥሎም ጉዳቱ እንዳይበዛ ማድረግ የባለቤቱም ግዴታ ነው። በቁጥር 1802 መሠረት የተጐዳው ወገን ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለውን ማድረግ አለበት። ጣራ የሌለው ግድግዳ በክረምት ሲበሰብስ እጁን አጣጥፎ «ይክፈለኝ» የሚል ሰው የተወሰነውን ካሣ ሊያጣ ይችላል። ይሁን እንጂ ሌላ ሠራተኛ ከማስገባትዎ በፊት ያለው ሥራ በባለሙያ ታይቶ፥ ተለክቶና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመዝገብ። አለበለዚያ የትኛው ጥፋት የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ዳኛው ግንብ አዋቂ አይደለምና ቦታውን አይቶ የሚያስረዳ ባለሙያ ያዝዛል። የባለሙያው ወረቀት ብዙ ጊዜ የፍርዱ ምሰሶ ይሆናል። ከውል የሚነሣ ክስ በሌላ ሕግ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ በዐሥር ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ጉድለት ሲያዩ ግን ዐሥር ቀንም አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ያስታውቁ።

ሽማግሌ ወይስ ዳኛ?

በሲዳማ «አፊኒ» የሚባል የቆየ የሽምግልና ሥርዓት አለ። ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ሽማግሎች ተቀምጠው አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ የሚፈለገውም «ሐላሌ» ማለትም እውነቱ ነው። ባለቤትና ተቋራጭ በአንድ ከተማ የሚኖሩ፥ ነገም በአንድ ለቅሶና በአንድ ሠርግ የሚገናኙ ሰዎች ናቸውና ይህንን መንገድ መናቅ አይገባም። ቤት በእልህ አያልቅም። ነገር ግን እርቁ በቃል አይቅር። የቀረው ሥራ፥ የቀረው ገንዘብና ቀኑ ተጽፎ ይፈረም። የተጻፈ እርቅ በሕግ ዘንድም ክብደት አለው።

በውላቸው የግልግል ዳኛ የሚመርጡም አሉ። ይህንን የሚመራው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አዋጅ ቁጥር 1237 ነው። በሙያው የታወቀ መሐንዲስ ግልግል ቢቀመጥ ነገሩን ቶሎ ሊጨርሰው ይችላል። ክፍያው ግን በተዋዋዮቹ ላይ ነውና ለትንሽ ቤት ከመምረጥዎ በፊት ያስሉት።

ሁለቱም ካልሆኑ ፍርድ ቤት አለ። ጉዳዩ ከክልሉ ፍርድ ቤቶች ተነሥቶ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተገኝቶበታል ከተባለ እስከ ሰበር ሊደርስ ይችላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜም በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 በመላ አገሪቱ ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ ተደርጓል።

ተቋራጩም ቤተሰብ አለው

አንባቢዬ፥ እስካሁን ያነበቡት ተቋራጭ ሁሉ አታላይ ነው የሚያሰኝ ከመሰለዎ አልተግባባንም። ተቋራጩም ከባለቤት ብዙ ያያል። ፕላኑን በየሳምንቱ የሚለውጥ ባለቤት አለ። ሥራው ተሠርቶ ክፍያውን «ነገ፥ ከነገ ወዲያ» የሚል አለ። ቤቱ አልቆ ከገባበት በኋላ የመጨረሻውን ገንዘብ ላለመክፈል በቀለሙ ላይ ነውር የሚፈልግም አለ። ተቋራጩ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ለግንበኛው፥ ለአናጢውና ለቀን ሠራተኛው መክፈል አለበት። እነዚያ በነጋታው የሚበሉትን የሚጠብቁ ናቸው። ሕጉም ለእርሱ ዝም አላለም። ባለቤቱ ግዴታውን ባልፈጸመበት ተቋራጩ ሥራውን ማቆም የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ላልተከፈለው ዋጋም መክሰስ ይችላል። ውሉ እንደ ሕግ የሚያስገድደው ሁለቱንም ነው።

እንግዲህ ባለቤትና ተቋራጭ የሚካሰሱት ብዙ ጊዜ አንዱ ክፉ ሌላው ደግ ስለሆነ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ስለ ተፋቀሩ ነው። «እኔና አንተ ምን ውል ያስፈልገናል?» ተባብለው ቡና ይጠጣሉ። ያች «ምን ያስፈልገናል» የምትባል ቃል ከመጥፎ ሲሚንቶ ይልቅ ብዙ ቤት አፍርሳለች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደሚባለው፥ ጥንቃቄው ከመሠረቱ ቁፋሮ በፊት ነው።

ተማሪ ከሆኑ በዚህ ክረምት ወደ ቤተሰብዎ ሲሄዱ አባትዎ ወይም አጎትዎ ቤት ሊያሠሩ አስበው እንደሆነ ይጠይቁ። ውሉን አብረው ያንብቡ፤ በሁለት ምስክር ያስፈርሙ፤ ስለ ዐሥሩ ዓመት ዋስትና ይንገሯቸው። ሠራተኛ ከሆኑም በመሥሪያ ቤትዎ የቤት ማኅበር በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው «የተቋራጩን ውል ማን አነበበው?» ብለው ይጠይቁ።